የምጸልየው ለማን ነው?
ስለ እግዚአብሔር አንድነትና ሦስትነት፣ በሬዲዮ ከተሰጠ ትምህርት የተዘጋጀ

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት ነበር። ብዙዎቻችሁ "በጽሑፍ ይውጣልንና በቤት ለቤት ኅብረታችን እናጥናው" ብላችሁ ስለጠየቃችሁ፣ አነጋገሩን ብዙ ሳንለውጥ እንዲህ አዘጋጅተነዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጉና ጥቅሶቹን እያወጣችሁ አንብቡት።

ትምህርቱን እንድሰጥ ያነሣሣኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችው እህት በአንድ የዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ስሟንም አገሩንም አልጠቅስም። ፕሮግራማችንን የምትሰማው ማታ ሥራ ከጨረሰች በኋላ፣ በስልኳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ማዳሟ መጥታ እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦ "እናንተ ክርስቲያኖች ሦስት አምላክ ነው አይደል የምታመልኩት? ደግሞስ እግዚአብሔር ሚስት አለው እንዴ፣ ልጅ አለው የምትሉት?" ሴትየዋ በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እህታችን "አይ፣ አንድ ነው" ብላ መለሰች። "እንዴት?" ስትባል ግን ዝም አለች።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ቀጥሎ የጻፈችው ነው። "ከዚያ ቀን ወዲህ መጸለይ ከበደኝ" ትላለች። "አባት ሆይ ስል ኢየሱስን የረሳሁት ይመስለኛል። ጌታ ኢየሱስ ስል አብን የተውኩት ይመስለኛል። መንፈስ ቅዱስንማ እንዴት ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። አሁን ተንበርክኬ፣ ዝም ብዬ ቆይቼ እነሣለሁ። ፓስተር፣ የምጸልየው ለማን ነው?"

ወገኖቼ፣ ይህች እህት በጥያቄዋ ያፈረች ትመስላለች። ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው በየእሑዱ በጉባኤያችን የሚቀመጡ ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ እርሷ መጠየቋ ነው። እንግዲህ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ቀስ ብለን እንየው።

እግዚአብሔር አንድ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ሊያጠራጥረን አይገባም። ሙሴ ለእስራኤል ያስተማረው የመጀመሪያው ነገር አምላካቸው እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ነው (ዘዳ. 6፥4)። በኢሳይያስ መጽሐፍ እግዚአብሔር ከእርሱ በቀር ሌላ አምላክ እንደሌለ ደጋግሞ ይናገራል (ኢሳ. 45፥5)። "ይህ እኮ የብሉይ ኪዳን ነው" የሚል ቢኖር፣ ጌታ ኢየሱስ ራሱ ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሲጠየቅ ይህንኑ የሙሴን ቃል ነው የጠቀሰው (ማር. 12፥29)። ጳውሎስም በጣዖታት በተሞላች በቆሮንቶስ ከተማ ላሉ አማኞች ሲጽፍ ከአንዱ አምላክ በቀር ሌላ እንደሌለ ያስረዳል (1ቆሮ. 8፥4)።

ስለዚህ "ክርስቲያኖች ሦስት አማልክት ያመልካሉ" ሲባል፣ አይደለም ለማለት መፍራት የለብንም። ለጸሎት ስንንበረከክ አፋችን ምን እንደሚል እስቲ ልብ በሉ። አምላካችንን "አንተ" ነው የምንለው። "እናንተ ሆይ፣ ስሙን" ብሎ የሚጸልይ ክርስቲያን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አልሰማችሁም፤ የምናመልከው አንድ ነውና።

ሦስቱም አምላክ ተብለዋል

ችግሩ የሚመጣው፣ ችግር ከተባለ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ስንቀጥል ነው። አብ አምላክ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጀምር፣ በመጀመሪያ ከእግዚአብሔር ዘንድ የነበረው ቃል ራሱ እግዚአብሔር እንደነበረ፣ ሁሉም በእርሱ እንደተፈጠረ፣ እርሱም ሥጋ ሆኖ በእኛ መካከል እንዳደረ ይነግረናል (ዮሐ. 1፥1-14)። ቶማስ ከትንሣኤ በኋላ በኢየሱስ ፊት ጌታዬና አምላኬ ብሎ ሲጠራው፣ ጌታ አልገሠጸውም፤ ተቀበለው (ዮሐ. 20፥28-29)። እስቲ አስቡት፤ ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስ ሲሰግድለት እንደ እርሱ ሰው መሆኑን ነግሮ አስነሣው (ሐዋ. 10፥25-26)። መልአኩም ለዮሐንስ እንዳይሰግድለት ከለከለው (ራእ. 22፥8-9)። ኢየሱስ ግን ስግደትን ተቀበለ። ፍጡር ከሆነ ይህ ትልቅ ኃጢአት ነበር። ጳውሎስም የመለኮት ሙላት ሁሉ በአካል በእርሱ እንደሚኖር ጽፏል (ቈላ. 2፥9)።

መንፈስ ቅዱስስ? ሐናንያ የመሬቱን ዋጋ ደብቆ በቀረበ ጊዜ፣ ጴጥሮስ መንፈስ ቅዱስን እንደዋሸ ነገረው፤ ወዲያውም የዋሸው ሰውን ሳይሆን እግዚአብሔርን መሆኑን ገለጸለት (ሐዋ. 5፥3-4)። መንፈስ ቅዱስን መዋሸት እግዚአብሔርን መዋሸት ነው ማለት ነው። ይኸው መንፈስ ይናገራል፣ ሰዎችን ለሥራ ይለያል (ሐዋ. 13፥2)። እንደ ፈቃዱ ስጦታን ያካፍላል (1ቆሮ. 12፥11)። ያዝናል (ኤፌ. 4፥30)። ደግሞም ለእኛ ይማልዳል (ሮሜ 8፥26)።

እዚህ ላይ ለራሳችን ጉባኤ አንድ ምክር ልጣል። አንዳንዴ ስለ መንፈስ ቅዱስ የምንናገረው እንደ መብራት ነው፤ መጣ፣ ሄደ፣ ኃይሉ ጨመረ፣ ቀነሰ እንላለን። መብራት ግን አያዝንም፣ አይናገርም፣ አይወድም። መንፈስ ቅዱስ ኃይልን የሚሰጥ ጌታ ነው፤ ራሱ ግን ስም የሌለው ኃይል አይደለም። "ምን" ብለን ሳይሆን "ማን" ብለን ነው የምንጠይቀው።

አብ ወልድ አይደለም፣ ወልድም መንፈስ ቅዱስ አይደለም

ሦስተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ምስክርነት ይህ ነው። ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ እንሂድ (ማቴ. 3፥16-17)። ወልድ ከውኃው ወጥቶ ቆሟል። መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ሆኖ ይወርዳል። አብ ከሰማይ ስለሚወደው ልጁ ይመሰክራል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ፣ ሦስቱም ተገልጠዋል። አንዱ ልብስ እየቀያየረ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆናል?

ጌታ በመጨረሻዋ ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ፣ እርሱ አብን እንደሚለምንና አብም ሌላ አጽናኝ እንደሚሰጣቸው ነገራቸው (ዮሐ. 14፥16)። ለማኝ አለ፣ የሚለመን አለ፣ የሚላክ አለ። ከትንሣኤ በኋላም አሕዛብን በአብ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም እንዲያጠምቁ አዘዛቸው (ማቴ. 28፥19)። ልብ በሉ፤ ሦስቱን ጠራ፣ ነገር ግን "ስም" አለ እንጂ "ስሞች" አላለም።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ከቃሉ አገኘን። እግዚአብሔር አንድ ነው። አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም እያንዳንዳቸው አምላክ ናቸው። ሦስቱም አንዱ ከሌላው የተለዩ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ስንጥል ስሕተት ይጀምራል። "ሥላሴ" የሚለው ቃል ሦስቱን በአንድ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ስም ነው። ቃሉ ራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለመገኘቱ አያስደንግጣችሁ። "መጽሐፍ ቅዱስ" የሚለው መጠሪያም እኮ በነቢያትና በሐዋርያት አልተሰየመም፤ እውነቱ ግን በውስጡ ሞልቷል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብ። ለሥላሴ ማስረጃ ብለው አንዳንዶች 1ኛ ዮሐንስ 5፥7ን ይጠቅሳሉ። በሰማይ ስለሚመሰክሩት ሦስቱ የሚናገረው አገላለጽ በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ የለም፤ ዛሬ ያሉ ብዙ ትርጕሞችም አያስገቡትም። እምነታችን በዚያ አንድ ቁጥር ላይ አልቆመም። ስለዚህ በክርክር ጊዜ እርሱን መሠረት አታድርጉ።

አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካላት

"አንድ ከሆነ እንዴት ሦስት? ሦስት ከሆነ እንዴት አንድ?" ይህ የማዳሟ ጥያቄ ነው። "አንድ አምላክና ሦስት አማልክት" ብንል ኖሮ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር በተናገርን ነበር። "አንድ አካልና ሦስት አካላት" ብንልም እንዲሁ። እኛ የምንለው ይህን አይደለም። አንድ የምንለው ባሕርዩን ነው፤ ሦስት የምንለው አካላቱን ነው።

ባሕርይ ስንል "ምንድን ነው?" ለሚለው መልስ ነው። አካል ስንል "ማን ነው?" ለሚለው መልስ ነው። ድንጋይ ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ማን ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ሰው ምንድን ነው ሲባል ሰው ነው፤ ማን ነው ሲባል ስሙ ይጠራል። ስለ እግዚአብሔር "ምንድን ነው?" ሲባል አንድ መለኮት ነው፤ "ማን ነው?" ሲባል አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ነው። አካል ስንል እጅና እግር ያለው ሥጋ ማለታችን አይደለም። እግዚአብሔር መንፈስ ነው (ዮሐ. 4፥24)። የሚያውቅ፣ የሚወድ፣ "እኔ" እና "አንተ" የሚል ማለታችን ነው።

ሦስት ሰዎች አንድ የሰውነት ባሕርይ ቢኖራቸውም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አዲስ አበባ ሲሆን ሌላው ሐዋሳ ሊሆን ይችላል፣ ሐሳባቸውም ሊለያይ ይችላል። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን መለኮቱ አይከፋፈልም። ፈቃዱ አንድ ነው፣ ኃይሉ አንድ ነው፣ ክብሩ አንድ ነው። አብ ሲሦ አምላክ፣ ወልድ ሲሦ አምላክ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ፍጹም አምላክ ሆነው አንድ አምላክ ናቸው። እዚህ ላይ አእምሮአችን ይደክማል፤ ቢደክምም አይገርምም። የራሳችንን ነፍስና ሥጋ አያያዝ እንኳ መርምረን አልጨረስንም።

"ልጅ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

እግዚአብሔር ሚስት ኖሮት ልጅ ወለደ የሚል ክርስቲያን የለም። እንዲህ ማለት በእኛም ዘንድ ስድብ ነው። ታዲያ "ልጅ" ለምን እንላለን? አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራ ብትሠራ፣ እንስራው የእጇ ሥራ ነው እንጂ እንደ እርሷ ሰው አይደለም። ልጅ ብትወልድ ግን ልጇ እንደ እርሷ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስን ልጅ ሲለው ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ ያለው መሆኑን እየነገረን ነው። ዓለም የእግዚአብሔር እጅ ሥራ ነው፤ ወልድ ግን የእጁ ሥራ አይደለም።

በሰው ዘንድ አባት አስቀድሞ ይኖራል፣ ልጅ ኋላ ይመጣል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። አብ ሁልጊዜ አብ ነው፤ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ የለም። ጌታ በጸሎቱ ዓለም ሳይፈጠር በአብ ዘንድ ስለነበረው ክብርና ስለተወደደበት ፍቅር ተናግሯል (ዮሐ. 17፥5፣ 24)።

"ኢየሱስ አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ ተናግሮ የለም እንዴ?" የሚሉም አሉ። አዎ፣ ተናግሯል (ዮሐ. 14፥28)። የተናገረው ግን የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዋረደበት ዘመን ነው (ፊል. 2፥6-8)። ልጅ አባቱን ይታዘዛል፤ ስለታዘዘ ግን ከአባቱ ያነሰ ሰው አይሆንም። መታዘዙ የፍቅሩ ምልክት ነው።

ከምሳሌዎች ተጠንቀቁ

በሰንበት ትምህርት ቤት ብዙ ምሳሌ ሰምተናል። ምሳሌ ለመጀመሪያ እርምጃ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ከተጎተተ ግን ወደ ስሕተት ይወስዳል።

ሦስት ጉልቻ አንድ ድስት ይሸከማል ይባላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉልቾቹ ሦስት የተለያዩ ድንጋዮች ናቸው። ይህ ሦስት አማልክት ወደ ማለት ይመራል። ውኃ በረዶም እንፋሎትም ይሆናል ይባላል። ነገር ግን ያው ውኃ በረዶ ሲሆን ፈሳሽነቱ ይቀራል፤ በዮርዳኖስ ግን ሦስቱ በአንድ ጊዜ ነበሩ። እንቁላል ቅርፊት፣ ነጭና አስኳል አለው ይባላል። ቅርፊቱ ብቻውን ግን እንቁላል አይደለም፤ አብ ግን የአምላክ ክፋይ አይደለም። ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት የሚለው አባቶች የተጠቀሙበት ምሳሌ የተሻለ ነው፤ ብርሃኑ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ አለና። ቢሆንም ብርሃንና ሙቀት አይዋደዱም፣ አይነጋገሩም።

ስለዚህ ሰው ቢጠይቃችሁ ወደ ምሳሌ አትሩጡ። ወደ ዮርዳኖስ ውሰዱት።

"ኢየሱስ ብቻ" ለሚሉ ወገኖች

በአገራችን አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም ኢየሱስ ራሱ ነው የሚል ትምህርት አለ። የሚያስተምሩትን ሰዎች አንሰድብም፤ ብዙዎቹ ጌታን ለማክበር የሚቀኑ ናቸው። ትምህርቱ ግን አዲስ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዘመን በሮም ሰባልዮስ የሚባል መምህር ይህን በሚመስል ትምህርት ታውቆ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተቀበለችውም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምሳሌ፣ አንድ ሰው ለሚስቱ ባል፣ ለልጁ አባት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው የሚለው ነው። ጥሩ፤ ግን ይህ ሰው በባልነቱ ለአባትነቱ ስልክ ይደውላል? በሠራተኛነቱ ባልነቱን ይልካል? አይሆንም። በጌቴሴማኒ ጌታ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የእርሱ ፈቃድ ሳይሆን የአብ ፈቃድ እንዲሆን ሲጸልይ፣ የሚያነጋግረው ማንን ነበር (ማቴ. 26፥39)? ራሱን ከሆነ ያ ጸሎት ለማስመሰል ነበር ማለት ነው። ጌታችን ደግሞ አያስመስልም።

በዮሐንስ 10፥30 ከአብ ጋር አንድ ስለመሆኑ የተናገረውንም ያነሣሉ። ጥቅሱን ከፍታችሁ መጨረሻውን አንብቡ። "ነኝ" ነው የሚለው ወይስ "ነን"? በግሪክኛውም እንዲሁ የብዙ ነው። አንድነታቸውንም ሁለትነታቸውንም በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አስቀመጠልን። የሐዋርያት ሥራ በኢየሱስ ስም ስለመጠመቅ ይናገራል (ሐዋ. 2፥38)፤ ይህም በእርሱ ሥልጣንና በእርሱ በማመን የሚደረግ ጥምቀት መሆኑን ያሳያል እንጂ፣ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 28 ያዘዘውን አይሽርም።

የቀደሙት የከፈሉት ዋጋ

ይህ ሁሉ የመምህራን ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአራተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ቄስ፣ ወልድ ከፍጡራን ሁሉ የከበረ ቢሆንም ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜም ነበር ብሎ ማስተማር ጀመረ። በ325 እ.ኤ.አ. ኤጲስ ቆጶሳት በኒቅያ ተሰበሰቡ፤ በልማድ ቁጥራቸው 318 ነው ይባላል። ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መሰከሩ። በ381 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት፣ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት ለሚክዱት መልስ ሰጡ፤ መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር እንደሚመለክ አጸኑ።

በኒቅያ ጉባኤ ጊዜ አትናቴዎስ ገና ዲያቆን ነበር። በ328 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ነገሥታቱ ወደ አርዮስ ወገን ባዘነበሉ ጊዜ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ፤ በድምሩ 17 ዓመት ያህል በስደት ኖረ። አቋሙን ትንሽ ቢያላላ ኖሮ ቤቱ ባደረ ነበር። ለምን እንቢ አለ? የድነታችን ነገር ስለሆነበት ነው። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ፣ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልም። የሰጠመን ሰው ሌላ የሰጠመ አያወጣውምና።

ይህ ታሪክ የእኛንም ደጅ አንኳኩቷል። የአክሱም የመጀመሪያ ኤጲስ ቆጶስ የሆነውን ፍሬምናጦስን፣ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። አርዮሳውያንን የሚደግፈው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ፣ በአትናቴዎስ ቦታ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እምነቱ እንዲመረመር የሚጠይቅ ነበር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አስቀምጦልናል። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን የኒቅያን እምነት ይዛ ቀጠለች። በአክሱም በግሪክኛ የተቀረጸ የዔዛና የድንጋይ ጽሑፍም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ስለዚህ የሥላሴ እምነት ለዚህች አገር ትናንት በሚሲዮናውያን የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?

"ወንድሜ፣ እኔ የቤት ኪራይ ያስጨነቀኝ ሰው ነኝ፤ ይህ ለኔ ምን ይፈይዳል?" ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው መስቀሉ ነው። ወልድ አምላክ ካልሆነ፣ እግዚአብሔር ዓለምን አዳነ የምንለው ሌላ ሰው ልኮ፣ ሌላ ሰው አስሞቶ ነው ማለት ነው። እርሱ ራሱ ምንም አልከፈለም። ወልድ አምላክ ከሆነ ግን የተበደለው ራሱ የበደለኛውን ዕዳ ተሸከመ። በሌላ በኩል ወልድና አብ አንድ አካል ከሆኑ፣ አብ አንድያ ልጁን ሰጠ የሚለው ወንጌል (ዮሐ. 3፥16) ባዶ ይሆናል። ማን ማንን ሰጠ? የሥላሴ ትምህርት ሲነካ ወንጌሉ ይነካል።

ሁለተኛው ፍቅር ነው። ዮሐንስ እግዚአብሔር ፍቅር እንደሆነ ጽፏል (1ዮሐ. 4፥8)። ሰማይና ምድር፣ መላእክትም ሳይፈጠሩ ማንን ይወድ ነበር? ብቻውን ከነበረ፣ ለመውደድ እኛን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። እርሱ ግን ምንም አልጎደለውም። አብ ወልድን በመንፈስ ቅዱስ ኅብረት ከዘላለም ይወድ ነበር። እኛን የፈጠረን ብቸኝነት አስጨንቆት አይደለም። ከሞላው ፍቅር አካፈለን እንጂ። በሰው አገር ብቻሽን የምታድሪ እህቴ፣ የምታመልኪው አምላክ ፍቅርን ካንቺ የተማረ አይደለም፤ ፍቅር ሁልጊዜ በቤቱ ነበር። ወደዚያ ቤት ነው የጠራሽ።

እህቴ፣ እንዲህ ጸልዪ

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ጳውሎስ በኤፌሶን 2፥18 በክርስቶስ በኩል፣ በአንድ መንፈስ፣ ወደ አብ መግባት እንዳለን ይነግረናል። ይህን ቁጥር በቃልሽ ያዢው። ወደ ማን? ወደ አብ። በማን በኩል? በወልድ። በማን ረዳትነት? በመንፈስ ቅዱስ። ተንበርክከሽ "አባት ሆይ" ስትዪ፣ አባት ብለሽ እንድትጠሪው ያደረገሽ መንፈስ ቅዱስ ነው (ሮሜ 8፥15)፤ በአብ ቀኝ ሆኖ የሚማልድልሽ ወልድ ነው (ሮሜ 8፥34)። ዝም ብለሽ በተነሣሽባቸው ሌሊቶች እንኳ፣ ቃል ባጣሽበት ሰዓት፣ መንፈስ ቅዱስ ስለ አንቺ ይቃትት ነበር (ሮሜ 8፥26)። ብቻሽን የጸለይሽበት ቀን የለም።

"ጌታ ኢየሱስ" ብለሽ ብትጠሪስ? ጥሪው! እስጢፋኖስ ሲወገር ነፍሱን የሰጠው ለጌታ ኢየሱስ ነው (ሐዋ. 7፥59)። ወደ መንፈስ ቅዱስ በቀጥታ የተጸለየ ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጎልቶ አናይም፤ አምላክ ስለሆነ ግን እርዳኝ ብትዪው አልተሳሳትሽም። አንዱን ስትጠሪ ሌሎቹ የሚቀየሙ አይምሰልሽ። በሰው ቤት አንዱ ሲመሰገን ሌላው ቅር ይለዋል። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን መንፈስ ቅዱስ ወልድን ያከብራል (ዮሐ. 16፥14)፣ ወልድ አብን ያከብራል፣ አብም ወልድን ያከብራል (ዮሐ. 17፥1)። አንዱን ያከበረ ሁሉንም አክብሯል።

ማዳምሽ ደግማ ብትጠይቅሽ፣ ክርክር አትግጠሚ። ጴጥሮስ እንደመከረን በየዋህነትና በአክብሮት መልሺ (1ጴጥ. 3፥15)። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "እኛም እግዚአብሔር አንድ ነው ብለን እናምናለን። ሚስት አለው አንልም፤ ይህ ለእኛም ነውር ነው። አንዱ አምላክ አባት ሆኖ ወደደን፣ በልጁ በኢየሱስ መጥቶ አዳነን፣ በመንፈሱ ደግሞ ከእኛ ጋር ይኖራል። ሁሉን መርምሬ አልጨረስኩም፤ ግን ጸሎቴን ይሰማል።" ይበቃል። የቀረውን በሥራሽና በታማኝነትሽ ታየዋለች።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተ ስለ ሥላሴ ተከራክረህ የምትረታ፣ ነገር ግን ለብዙ ወራት ያልጸለይክ ሰው ትሆን ይሆናል። ይህች እህት ማስረዳት አቅቷት አለቀሰች፤ አንተ ማስረዳት እየቻልክ ከተንበረከክ ስንት ጊዜህ ነው? እግዚአብሔር የተገለጠልን ልናስረዳው ብቻ አይደለም፤ ልንቀርበው ነው። በሩ በወልድ ደም ተከፍቷል። ዛሬውኑ ግባ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ልጅህን ስለ እኛ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ኃጢአታችንን ተሸክመህ ወደ አባትህ ስላቀረብኸን ክብር ላንተ ይሁን። መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ ቃል ስናጣ አግዘን፣ እውነትን አስተምረን። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩትን ሁሉ አስባቸው። አንተ አንድ አምላክ ነህ፤ ሌላ የለንም። አሜን።